ብስክሌት ለወንድ ልጅ ብቻ ነውን?

በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ጧት ጧት ደወል ከመደወሉ በፊት በተማሪ ቤታችን ግቢ፣ በአጥሩ ጥግ ተደርድረው የሚቆሙትን ብስክሌቶች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ባለቤቶቻቸው ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወንዶች ናቸው። እኛ ሴቶች ልጆች ግን ከዚያው ሰፈር፣ በዚያው መንገድ፣ ለዚያው ትምህርት በእግራችን እንመጣለን። ይህ ነገር ከልማድ ብዛት የተነሣ ማንንም አያስገርምም፤ የማያስገርም ነገር ደግሞ ሳይጠየቅ ይኖራል። እኔ በዚህ ዓመት ከተማሪ ቤታችን ተሰናብቼ የምወጣ ስለሆንኩ፣ ከመውጣቴ በፊት ጥያቄውን በዚህ መጽሔት ለጓደኞቼ፣ ለአስተማሪዎቼና ለክቡራን ወላጆቻችን ላቀርብ ወደድሁ። ብስክሌት ለወንድ ልጅ ብቻ ነውን?

የእኔ አሳብ፣ አይደለም የሚል ነው። ከዚያም አልፌ የአዳማና የአካባቢዋ ሴቶች ልጆች ብስክሌት መንዳት ብቻ ሳይሆን መወዳደርም ይገባቸዋል እላለሁ። ውድድሩም በአውራ ጐዳና ላይ ሳይሆን በተከለለ ሜዳ፣ ኦምኒየም በሚባለው፣ በአንድ ቀን አራት ዓይነት ግጥሚያ በሚደረግበት ሥርዓት ቢጀመር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን በየተራ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ የአገራችንን አቀማመጥ እንመልከት። ወላጆቻችን ናዝሬት እያሉ የሚጠሯት ከተማችን አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዳር ዳሯን ኮረብታ ቢከባትም መኻሏ ሜዳ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚሄደውም መንገድ በቆቃ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አልፎ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ እስኪደርስ ድረስ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው። ከአዲስ አበባ ዳገት የመጣ እንግዳ በእነዚህ ከተሞች ብስክሌት ለምን እንደ በዛ ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። በወንጂ በሸንኮራ አገዳው መካከል ሠራተኛው በብስክሌት ሲመላለስ ማየት የቆየ ነገር ነው። የወንጂን የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ያቋቋመው ኩባንያ የሆላንድ ነበር። ሆላንድ ደግሞ ሴቱም ወንዱም፣ ተማሪዋም አሮጊቷም ሳይቀሩ በብስክሌት የሚጓዙበት አገር ነው። በእኛም ሜዳ ብስክሌቱ በዝቷል፤ የሴቲቱ ድርሻ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሴት ልጅ ብስክሌት አትወድም የሚል ሰው ቢኖር ይህን ልጠይቀው። በየሰፈሩ ብስክሌት በሚያከራዩት ሰዎች ደጃፍ ተራ ከሚጠብቁት ሕፃናት መካከል ሴቶች የሉምን? የስምንትና የዐሥር ዓመት ልጆች ሳለን ማንም አይከለክለንም፤ ወድቀን ጉልበታችን ቢላጥ እንኳ አቧራችንን አራግፈን እንደ ገና እንወጣለን። ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላን ግን ነገሩ ይለወጣል። «አንቺ ልጅ፣ አሁንማ ደርሰሻል፤ ከዚያ ነገር ላይ ውረጂ» የሚል ቃል ከጎረቤት ይሰማል፤ ከጎረቤትም ወደ ቤት ይገባል።

በእኔም የደረሰው ይኸው ነው። እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ከወንድሜ ጋር በአንድ ብስክሌት በየተራ እንነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ የእርሱ ብቻ ሆነ። ማንም አልተቈጣኝም፤ ማንም አልመታኝም፤ ብቻ ተራዬ ሳይመጣ ቀረ። ይህን የጻፍኩት አባቴን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሳቸው ያደረጉት ሌላው አባት ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ታናሽ እኅቴ አሁን 12 ዓመቷ ነው፤ ገና ትነዳለች። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይልቁንም የእርስዋ ነገር ነው።

እንግዲህ ኦምኒየም ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው «የሁሉም» ማለት ነው። አንድ ዓይነት ችሎታ ብቻ ሳይሆን የብስክሌተኛ ችሎታ ሁሉ የሚፈተንበት ስለሆነ ይህ ስም ተሰጥቶታል። በኦሊምፒክ የሴቶች ኦምኒየም መጀመሪያ የተደረገው በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012) በሎንዶን ነበር። በዚያን ጊዜና በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ደ ጃኔሮ ስድስት ግጥሚያዎች በሁለት ቀን ይደረጉ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ወርቁን የወሰደችው በዚያን ዘመን ላውራ ትሮት ትባል የነበረችው እንግሊዛዊቷ ላውራ ኬኒ ናት። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ወዲህ ግን ሥርዓቱ ተለውጦ አራት ግጥሚያ በአንድ ቀን ሆነ። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ቫለንቴ ናት።

ውድድሩ የሚደረገው ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ ዙሪያው 250 ሜትር በሆነ የእንጨት መም ላይ ነው። መሙ በመታጠፊያው ላይ እንደ ግድግዳ ወደ ላይ የተነሣ ነው። ብስክሌቱ ፍሬን የለውም፤ ማርሹም አንድ ብቻ ነው። የኋላው ጎማ እስከ ዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ነጂዋ እግሯን ማሳረፍ አትችልም።

አራቱ ግጥሚያዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ስክራች ይባላል። ሁሉም በአንድነት ተነሥተው 30 ዙር ማለት 7.5 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ፤ መጨረሻ ላይ መሥመሩን ቀድማ ያለፈችው አንደኛ ናት።

ሁለተኛው ቴምፖ ይባላል። ርቀቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ዙር ከተነዳ በኋላ፣ በየዙሩ መሥመሩን ቀድማ ለምታልፈው አንድ አንድ ነጥብ እየተሰጠ ይሄዳል። በዚህ ግጥሚያ እስከ መጨረሻው ተደብቆ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ብቻ መፈትለክ አይጠቅምም።

ሦስተኛው የማስወጣት ግጥሚያ ነው። በየሁለት ዙሩ ከሁሉ ኋላ የቀረችው እንድትወጣ ይደረጋል፤ እንዲህ እየሆነ ይቀጥልና በመጨረሻ ሁለቱ ብቻ ቀርተው ይፋለማሉ። ከፊት ሆኖ መድከምም፣ ከኋላ ሆኖ መያዝም የሚያስፈራበት ስለሆነ ዓይንና አእምሮ ከእግር ይልቅ የሚሠሩበት ነው።

አራተኛው የነጥብ ግጥሚያ ነው። 80 ዙር ማለት 20 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በየ10 ዙሩ መጀመሪያ ለሚያልፉት አራት ሴቶች 5፣ 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሰጣል፤ በመጨረሻው ላይ ይህ እጥፍ ይሆናል። ከሌሎቹ ተለይታ አንድ ሙሉ ዙር የቀደመች 20 ነጥብ ታገኛለች፤ አንድ ሙሉ ዙር የተቀደመች ደግሞ 20 ነጥብ ይቀነስባታል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግጥሚያዎች ነጥብ አሰጣጥ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛ የወጣች 40፣ ሁለተኛ 38፣ ሦስተኛ 36 እያለ በሁለት በሁለት እየቀነሰ ይወርዳል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ እንየው። አንዲት ልጅ በሦስቱም ግጥሚያ አምስተኛ ብትወጣ በያንዳንዱ 32 ነጥብ ስለምታገኝ ድምሩ 96 ይሆናል። ሌላዋ ደግሞ በአንዱ አንደኛ ወጥታ በቀሩት ሁለት 15ኛ ብትሆን 40 እና ሁለት ጊዜ 12፣ በጠቅላላው 64 ነጥብ ብቻ ይኖራታል። አንድ ጊዜ እንኳ አንደኛ ያልወጣችው ልጅ አንደኛ የወጣችውን በ32 ነጥብ በለጠች ማለት ነው። በመጨረሻው የአገር አቀፍ ፈተና ላይ በአንድ ትምህርት ብቻ ተመክተን በሌላው ብንወድቅ ምን እንደሚደርስብን ለምናውቀው ለእኛ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህ ሒሳብ እንግዳ አይደለም።

ኦምኒየምን የወደድኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በአንድ ግጥሚያ የተሸነፈች ልጅ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ ውሃ ጠጥታ፣ ላቧን ጠርጋ፣ ለሚቀጥለው ትዘጋጃለች። በቶኪዮ ቫለንቴ በመጨረሻው የነጥብ ግጥሚያ መካከል ከብስክሌቷ ወድቃ ነበር። ተነሥታ ቀጠለች፤ ወርቁም የእርሷ ሆነ። በዚያው ቀን ሦስተኛ ወጥታ ነሐሱን የወሰደችው ሆላንዳዊቷ ኪርስተን ቪልድ 38 ዓመቷ ነበር። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ «ደርሰሻልና ተዪው» የምትባል ልጅ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

እርግጥ ነው፣ በውጭ አገርም ቢሆን ሴቶች ይህን ያገኙት በቀላሉ አይደለም። ዘመናዊው ኦሊምፒክ በ1888 ዓ.ም. በአቴና ሲጀመር የወንዶች የብስክሌት ውድድር ነበረበት። ሴቶች ግን በጐዳና ብስክሌት የገቡት በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ፣ በመም ብስክሌት የገቡት ደግሞ በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ በሴኡል ነው። ለመም ብስክሌት ከ90 ዓመት በላይ ጠበቁ ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ሴት ልማድ ነው» የሚለው ቃል ሙሉ እውነት አይሆንም፤ የፈረንጅም ሴት በትግሥትና በክርክር ያገኘችው መብት ነው።

ለአገራችንም ቢሆን የብስክሌት ውድድር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። አበበ ቢቂላ በሮም ጐዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ከማሸነፉ በፊት ማለት ነው። በሩጫ በኩል ሴቶቻችን የደረሱበትን ደግሞ መንገር አያሻም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ያደገችው ከዚህ ከእኛው ከተማ በአሰላ በኩል ሽቅብ ሲወጡ በሚገኘው በአርሲ በበቆጂ አካባቢ ነው። ከእርሷ ወዲህ በማለዳ በጐዳናችን ላይ በቁምጣ የምትሮጥ ልጅ የሚያይ ሰው «ጎበዝ፣ በርቺ» ይላል እንጂ አይሰድባትም። እንግዲህ ያው ሰው፣ ያችው ልጅ በብስክሌት ስታልፍ ፊቱን የሚያዞረው ስለ ምንድን ነው?

በብስክሌትም ቢሆን ጀማሪዎች አሉን። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰላም አምሃ ለአገራችን በጐዳና ብስክሌት ተሰልፋለች። ከትግራይ የወጣችው እየሩ ገብሩ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በፈረንሳይ አገር ጥገኝነት ጠይቃ፣ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ በስደተኞች ቡድን ስም በጐዳና ውድድር ላይ ቀርባለች። ችሎታ ያላት ልጃችን ያለ አገር ባንዲራ ስትነዳ ማየት ልብን ያሳዝናል፤ ቢሆንም መንዳቷን አለማቋረጧ ያስደንቃል። ከጎረቤት አፍሪካ አገሮችም ግብፃዊቷ ኢብቲሳም ዛይድ በቶኪዮ በራሱ በኦምኒየም ተወዳድራለች። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጐዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሩዋንዳ በኪጋሊ ተደርጓል። ነገሩ ወደ ደጃፋችን እየቀረበ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ልጆች ግን ገና ቆመን እንመለከታለን።

አሁን የተቃዋሚዎችን ቃል በሚገባ ልመልስ። የምሰማቸው ክርክሮች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ «ባህላችን አይደለም» ይባላል። እኔ ግን አያቶቻችን በበቅሎ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ረጅም መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር ሰምቻለሁ፤ ሙሽራም የምትሄደው በበቅሎ ነበር። በቅሎ ነፍስ ያላት ስለሆነች ልትደነብርና ልትጥል ትችላለች፤ ብስክሌት አይደነብርም። የሁለቱም መቀመጫ በቋንቋችን ኮርቻ ይባላል። በአንዱ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ክብር ሆኖ በሌላው ላይ መቀመጥ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጤናና ስለ ልጃገረድ ክብር በሹክሹክታ የሚነገር አለ። ጤናን በሚመለከት ላውራ ኬኒ ራሷ መልስ ናት። ቀኗ ሳይደርስ የተወለደችና በሕፃንነቷ በአስም የምትሠቃይ ልጅ ነበረች። አድጋ ሁለት ጊዜ የኦምኒየም አሸናፊ ሆነች፤ ልጅ ወልዳም ወደ መሙ ተመልሳ በቶኪዮ ከጓደኛዋ ጋር በሌላ ግጥሚያ ወርቅ አገኘች፤ ከዚያም ሁለተኛ ልጅ ወለደች። ስለ ክብር ግን የምለው አጭር ነው። የሴት ልጅ ክብር በጠባይዋና በአስተዳደግዋ ነው፤ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር በአንድ የቆዳ ኮርቻ ላይ የሚጠፋ አይደለም።

ሦስተኛ፣ «ትምህርቷን ትበድላለች» ይባላል። ከከተማው ዳር የምትኖር ልጅ በእግሯ መጥታ፣ በእግሯ ተመልሳ፣ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፍ የምትገልጠው። ወንድሟ በብስክሌት ደርሶ ልብሱን ለውጦ ሲያጠና እርሷ ገና በመንገድ ላይ ናት። ጊዜ የሚያባክነው ብስክሌት ወይስ የብስክሌት መታጣት? ይህን እናቶቻችን ቢፈርዱ ደስ ይለኛል።

አራተኛው ክርክር ግን ከባድ ነው፤ እኔም እውነትነቱን እቀበላለሁ። እናቶቻችን «መኪና ይገጫታል» ይላሉ። በአዳማ መንገድ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሐዋሳ የሚጓዘው ትልልቅ የጭነት መኪና ሁሉ ይጋፋል፤ ለብስክሌት የተለየ መንገድ እምብዛም የለም። ልጇን ወደዚያ መንገድ መስደድ ያስፈራት እናት ልክ ናት እንጂ ኋላ ቀር አይደለችም። ወንድ ልጅም ቢሆን በመኪና ሲገጭ አጥንቱ እንደ ሴቲቱ ይሰበራል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ለሁለቱም እኩል ሊሆን ይገባ ነበር። የሆነ ሆኖ ይህ ፍርሃት እንዲቃለል መንገድ መፈለግ አለብን።

መንገዱም ያለው በዚሁ በመም ብስክሌት ነው። የመም ውድድር ማለት መኪና በማይገባበት ክልል ውስጥ መዞር ማለት ነው። የጭነት መኪና የለም፤ ባጃጅ የለም፤ ጨለማ የለም፤ እናት በዳር ተቀምጣ ልጇን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ታያታለች። አዳማ የእንጨት መም ያለው አዳራሽ የላትም፤ እንዲሠራም አሁን አልጠይቅም። የኦምኒየም ዋናው ነገር እንጨቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ለሥርዓቱ የሚያስፈልገው የተሰመረ ሜዳ፣ አንድ ደወል፣ አንድ የነጥብ መዝገብና የማያዳላ ዳኛ ነው። እነዚህ አራቱም በተማሪ ቤታችን አሉ።

ስለዚህ ለተማሪ ቤታችን አስተዳደርና ለሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዎቻችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየዓመቱ የስፖርት ቀን ሲደረግ ለሩጫ በኖራ የሚሰመረው ሜዳ፣ በአንድ ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ለሴቶች ተማሪዎች የብስክሌት ውድድር ይሰጥ። ተወዳዳሪዎቹ ከ12 አይብለጡ። የእኛ ሜዳ መታጠፊያው ጠፍጣፋ፣ መሬቱም አፈር ስለሆነ ርቀቱ ይጠር፤ ብስክሌቱም ተራ፣ ፍሬኑ ደኅና የሆነ ይሁን። የመጀመሪያው ግጥሚያ 5 ዙር፣ ሁለተኛው 6 ዙር ቢሆን ይበቃል። በሦስተኛው በየዙሩ አንዲት ትውጣ። አራተኛው 10 ዙር ሆኖ በየሁለት ዙሩ ነጥብ ይሰጥ። ነጥቡም እንደ ኦሊምፒኩ ከ40 ጀምሮ ይቆጠር። በየግጥሚያው መካከል በቂ ዕረፍት ይኑር፤ የራስ መከላከያ ቆብ የሌላት ልጅ አትግባ። ነጥቡን የሒሳብ አስተማሪዎቻችን ከተማሪዎች ጋር ሆነው ቢይዙት፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ በየዙሩ ሲለዋወጥ ማየቱ ብቻ ለተመልካቹ ትልቅ ደስታ ነው። ነገሩ ከተሳካ በሚቀጥለው ዓመት ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከመቂና ከባቱ ተማሪ ቤቶች እኅቶቻችንን መጋበዝ ይቻላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ይህ በአንድ ሳምንት የሚዘጋጅ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን መንዳት ካቆምን ዓመታት አልፈዋል፤ ጥቂቶችም ጭራሽ አልጀመሩም። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ለሁለት ወር ያህል፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በዚያው ሜዳ ልምምድ ቢፈቀድልን፣ አንዲት ሴት አስተማሪ ደግሞ ቢቆሙልን፣ ወላጆቻችን በሙሉ ልብ ይለቁናል። ካቴና ሲወልቅ መመለስን፣ ጎማ ሲተነፍስ መለጠፍንም በዚያው እንማራለን፤ ሴት ልጅ ለጎሚስታ ብቻ ተስፋ ማድረግ የለባትም።

ብስክሌት ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በግቢያችን አጥር ጥግ ቆሟል። ብስክሌት በዛሬ ዋጋ ለብዙ ቤት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አዲስ ግዙልን አልልም። በፓሪስ ኦሊምፒክ ናይጄሪያዊቷ ኤሴ ኡክፔሴራዬ ለጐዳና ውድድር ሄዳ ሳለች በድንገት በመም ግጥሚያዎችም እንድትገባ ቦታ ተገኘላት፤ የመም ብስክሌት ግን አልነበራትም። የጀርመን ቡድን ብስክሌት አዋሳትና በዚያ ተወዳደረች። በዓለም ታላቁ ውድድር ላይ ጀርመኖች ለማያውቋት ልጅ ካዋሱ፣ ወንዶች የክፍል ጓደኞቻችን ለእኅቶቻቸው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ማዋስ ያቅታቸዋልን? ወንድሜ ይህን እንደሚያነብ ስለማውቅ ለጊዜው ስሙን አልጠቅስም።

ወንዶች ጓደኞቻችን በሌላም መንገድ ሊረዱን ይችላሉ። ሴት ልጅ በብስክሌት ስታልፍ የሚያፏጩትና የሚስቁት አባቶች አይደሉም፤ የእኛው እኩያዎች ናቸው። አባት የሚከለክለው ይህን ፉጨት ፈርቶ ነው። ፉጨቱ ቢቀር የአባትም ፍርሃት በግማሽ ይቀንሳል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት የምንጠራጠር ዘመነኞች ነን እያልን በየክርክሩ መድረክ እንናገራለን፤ እስኪ በመንገድም ላይ እናሳየው።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፣ ሴት ልጅ ሁሉ ቫለንቴን ትሁን ብዬ አልመኝም። በዚያ ቅዳሜ ከሚወዳደሩት 12 ልጆች አንዲቷም ኦሊምፒክ ላትደርስ ትችላለች። ነገር ግን 12ቱም በሰው ፊት መጀመርን፣ መሸነፍን፣ እንደ ገና መሰለፍን፣ በመጨረሻም ድምራቸውን መቀበልን ይማራሉ። ከዚያም በኋላ የብስክሌት መንገድ በከተማችን ይሠራልን ብለው ቢጠይቁ፣ ጥያቄያቸው የሚነዱ ሰዎች ጥያቄ ይሆናል።

እኔ በመጪው ዓመት በዚህ ግቢ አልገኝም። ውድድሩ ቢደረግ ተመልካች እንጂ ተወዳዳሪ አልሆንም። ታናሽ እኅቴ ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀራታል። ስለዚህ ከአስተማሪዎቻችን የምጠይቀው አንድ ቅዳሜ ነው፤ ከወላጆቻችንም የምለምነው፣ ልጃቸው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ብስክሌቱን ለወንድሟ ብቻ ከመስጠታቸው በፊት ተራዋን እንዲጠብቁላት ነው።